ሮክና ብሉግራስ አንድ ማይክ ላይ፦ የማይመሳሰሉ ሁለት ድምፆችን ይዞ የጋራ አልበም እንዴት እንደሚሰራ

መጀመሪያ ይሄን አድርጉልኝ። ሄድፎን አድርጉና የሮበርት ፕላንትንና የአሊሰን ክራውስን «ሬይዚንግ ሳንድ» የሚለውን አልበም ከፍታችሁ ሁለተኛውን ዘፈን፣ «ኪሊንግ ዘ ብሉስ»ን፣ ድምፁን ቀነስ አድርጋችሁ ስሙት። የወንዱ ድምፅ የቱ ጋ እንዳበቃ የሴቷ የቱ ጋ እንደጀመረ ለመለየት ሞክሩ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ማታ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው፣ መውረጃዬን አልፌ ሄጃለሁ። ሁለት ሰው እየዘፈነ እንደሆነ ታውቃላችሁ ግን ጆሯችሁ ውስጥ የሚገባው አንድ ነገር ነው፣ እንደ ተገመደ ክር በሉት።

ይሄ መመሪያ እንደዛ አይነት ስራ ለመስራት ለምትፈልጉ ነው። አንዳችሁ ከሮክ ሌላችሁ ከብሉግራስ (በባንጆ፣ በማንዶሊንና በቫዮሊን ከሚሰራው የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) የመጣችሁ ከሆነ በቀጥታ ይሰራላችኋል፣ አንዱ ባንድ ውስጥ ጮኾ የሚዘፍን ሌላዋ መዘምራን ውስጥ ያደገች ቢሆንም ያው ነው፣ እኔና የአክስቴ ልጅ የሞከርነው እሱን ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ሮበርት ፕላንት በ1948 እንግሊዝ አገር የተወለደ፣ ከ1968 እስከ 1980 ሌድ ዘፕሊን የሚባለው የሮክ ባንድ ድምፃዊ የነበረ፣ ያ ከላይ ከላይ የሚጮኸው ድምፅ ማለት ነው። አሊሰን ክራውስ ደግሞ በ1971 አሜሪካ ኢሊኖይ የተወለደች፣ በልጅነቷ ቫዮሊን ይዛ ውድድር ለውድድር ስትዞር ያደገች፣ በ1987 ገና በአስራዎቹ እድሜ እያለች የመጀመሪያ አልበሟን ራውንደር በሚባለው ኩባንያ ያወጣች የብሉግራስ ልጅ ነች። በእድሜ 23 ዓመት ይራራቃሉ። የተገናኙት በ2004 ክሊቭላንድ ውስጥ ሌድ ቤሊ ለሚባለው የድሮ ፎክና ብሉስ ዘፋኝ መታሰቢያ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ነው፣ አልበሙ የወጣው ጥቅምት 2007 ነው (ዘመኑን ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በየካቲት 2009 የዓመቱ ምርጥ አልበም የሚለውን ጨምሮ 5 ግራሚ በአንድ ሌሊት ወሰደ፣ ከዛ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ አንድ ወስዶ ነበር። ግን ግራሚውን ትተን ስራው እንዴት እንደተሰራ ብናይ ነው የሚጠቅመን፣ እንቀጥል።

አንደኛ፦ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን መምረጥ

ድምፁ እንደናንተ የሆነ ሰው አትፈልጉ። እንደናንተ የሚዘፍን ሰው ጋር ስትዘፍኑ የሚወጣው የናንተው ድምፅ ወፍሮ ነው። የምትፈልጉት ሰው እናንተ የማትችሉትን አንድ ነገር የሚችል፣ እናንተ ደግሞ እሱ የማይችለውን የምትችሉ ነው። ፕላንት ራሱ በተለያየ ቃለ ምልልስ ላይ እንደተናገረው ከሌላ ሰው ጋር ተጣብቆ ሃርሞኒ (ከዜማው ጎን የሚሄድ ሁለተኛ ድምፅ) መዘመር ለሱ አዲስ ነገር ነበር፣ ሮክ ባንድ ውስጥ ድምፃዊው አንድ ነው፣ ዛሬ እንዲህ ይላታል ነገ እንዲያ ይላታል ማንም አይጠይቀውም። ክራውስ ደግሞ ያደገችበት ሙዚቃ ሁለትና ሦስት ድምፅ እንደ መቀስ ገጥሞ የሚሄድበት ነው።

ሙሉ ለሙሉ ባዕድም እንዳልነበረ ግን ልብ በሉ። በ1971 ሌድ ዘፕሊን አራተኛ አልበሙን ሲያወጣ ሳንዲ ዴኒ የምትባል የእንግሊዝ ፎክ ዘፋኝ ጋብዘው ፕላንት ከሷ ጋር እየተቀባበለ አንድ ዘፈን ሰርቷል፣ ባንዱ በሪከርድ ላይ እንግዳ ድምፃዊ ያስገባበት ብቸኛው ጊዜ እሱ ነው። ያ ዓመት አሊሰን የተወለደችበት ዓመት ነው። ስለዚ አብሯችሁ የሚሰራውን ስትመርጡ የድሮ ስራውን ቆፍሩ፣ አንድ ቦታ ላይ ወደናንተ ዓለም ያጮለቀበት ዘፈን ካለ እሷን ይዛችሁ ነው በሩን የምታንኳኩት።

ከዛ ገና ከመጀመሪያው አልበም እንስራ ብላችሁ አትማማሉ። ሁለት ሦስት ቀን ቁጭ ብለን እንሞክር፣ ካልሆነ ሻይ ጠጥተን እንለያይ ተባባሉ። ይሄ ነገር ከሁለቱም ትከሻ ላይ ብዙ ሸክም ያወርዳል።

ሁለተኛ፦ ሦስተኛ ሰው አምጡ

ይሄን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኛም ዘለነው ነበር። ሁለታችሁ ብቻ ከሆናችሁ ዘፈን ሲመረጥ ወይ አንዱ ይጫናል ወይ ሁለታችሁም ተከባብራችሁ የማትወዱትን ዘፈን ትሰራላችሁ። እነሱ ቲ ቦን በርኔትን ነበር ፕሮዲዩሰር ያደረጉት፣ ይሄ ሰውዬ በ2000 «ኦ ብራዘር ዌር አርት ዛው» ለሚለው ፊልም የድሮ የተራራ አገር ሙዚቃዎችን ሰብስቦ ፕሮዲዩስ ያደረገ ነው፣ አሊሰንም እዛ ላይ ዘፍናለች። ራሱም ጊታሪስት ነው፣ ሮኩንም ያውቀዋል። ማለትም ከሁለቱም ቤት ቁልፍ ያለው ሰው።

እናንተ ቲ ቦን በርኔት ላይኖራችሁ ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ ብዙ ዘፈን የሚያውቅ፣ የማይዘፍን (ወይም ለመዝፈን የማይጓጓ)፣ «ይሄ አልሆነም» ሲል ሁለታችሁም የማትቀየሙት ሰው ነው። ለኛ ጎረቤታችን ያሉ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና አንድ ቃል ነው የሚሉት፣ «እንደገና»። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከዛ ቃል ውጪ የተናገሩ አይመስለኝም ግን የት ጋ እንደተበላሸ በትክክል እናውቅ ነበር፣ ምክንያቱም ቅንድባቸው የሚነሳው እዛው ቦታ ላይ ነበር።

ሦስተኛ፦ የማንኛችሁም ያልሆነ ዘፈን ፈልጉ

አልበሙ ላይ 13 ዘፈን አለ። አብዛኞቹ የሌላ ሰው ዘፈኖች ናቸው፣ የቶም ዌይትስ አለ፣ የታውንስ ቫን ዛንት አለ፣ መዝጊያው ላይ የዶክ ዋትሰንና የባለቤቱ የሮዛ ሊ ዘፈን አለ። ለምን እንደሆነ ሲገባችሁ ነው ስራው የሚገባችሁ፦ ዘፈኑ የፕላንት ቢሆን አሊሰን እንግዳ ትሆናለች፣ የብሉግራስ ስታንዳርድ (የብሉግራስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን) ቢሆን ፕላንት እንግዳ ይሆናል፣ የሦስተኛ ሰው ሲሆን ግን ሁለቱም እኩል እንግዳ ናቸው፣ እኩል ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ነው የሚገቡት።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ይሄ ነው። አልበሙ ላይ ሁለት የጂን ክላርክ ዘፈን አለ፣ ሁለቱም የመጡት ዲላርድ ኤንድ ክላርክ ከሚባል ጥምረት የ1969 አልበም ነው። ጂን ክላርክ ማለት ዘ በርድስ የሚባለው የሮክ ባንድ ውስጥ የነበረ ነው፣ ዳግ ዲላርድ ደግሞ የብሉግራስ ባንጆ ተጫዋች ነው። አያችሁ? ያን ጊዜም ሮክና ብሉግራስ ተጋብተው ነበር፣ እነ ፕላንት የሄዱት ቀድሞ ድልድይ የተሰራበት ወንዝ ላይ ነው። «ጎን ጎን ጎን»ም እንዲሁ፣ በ1964 የኤቨርሊ ወንድማማቾች ያወጡት ነው፣ እነሱ ማለት የኬንታኪን የወንድማማቾች ሃርሞኒ ወስደው ሮክ ኤንድ ሮል ውስጥ የከተቱ ሰዎች ናቸው።

ስለዚ የምታደርጉት ይሄን ነው። አንድ ወረቀት ላይ የሁለታችሁን ሙዚቃ ግራና ቀኝ ጻፉ፣ መሀል ላይ ሁለቱን የነካካ ሰው ማን አለ ብላችሁ ጠይቁ፣ የእነዛን ሰዎች አልበም ሰብስቡና ታዋቂውን ዘፈን ትታችሁ ሰው ያልዘፈነውን ፈልጉ። 40 ዘፈን ሰብስቡ፣ ሁለታችሁም ተለያይታችሁ 20 20 ምረጡ፣ ሁለታችሁም የመረጣችኋቸውን ብቻ ያዙ። የቀሩት ምንም ቢያምሩ ይቅሩ።

ከራሳችሁ ዘፈን አንድ ብታስገቡ ችግር የለውም፣ ግን ለውጣችሁ ነው። «ፕሊዝ ሪድ ዘ ሌተር» ፕላንት ከጂሚ ፔጅና ከሁለት ሰዎች ጋር ጽፎ በ1998 ያወጣው የሮክ ዘፈን ነው፣ እዚ አልበም ላይ ግን ተረጋግቶ፣ የአሊሰን ቫዮሊን ገብቶበት፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ደብዳቤውን የሚያነቡት ይመስላል። የዓመቱ ሪከርድ የሚለውን ግራሚ የወሰደው እሱ ነው። ሁለቱንም ቅጂ ተራ በተራ ስሙና ምን እንደተቀነሰ ጻፉ፣ ምን እንደተጨመረ ሳይሆን።

አራተኛ፦ ሁለቱን ድምፆች ማስማማት

ዋናው ስራ እዚ ነው፣ ጊዜያችሁን እዚ ላይ አውሉት፣ እኔም ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ዜማውን የሚይዘው ሰው ዜማውን ያርጋው። ማለትም በየጊዜው የሚለዋወጥ አንጓ፣ የሚጎተት ቃል፣ ድንገት የሚገባ እህህ ምናምን አንድ ጊዜ ተወስኖ ይቀመጥ። እኔ ላይ የደረሰው ይሄ ነው፣ እኔ ጊታር ይዤ በመጣልኝ ነው የምዘፍነው፣ አንዴ ቃሉን አስቀድማለሁ አንዴ አዘገያለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ልክ እኔ ላይ ልታርፍ ስትመጣ እኔ ሄጃለሁ። አንድ ቀን ደብተሩን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «አንተ ልጅ፣ የቱ ጋ ነው የምትቆመው? አንድ ቦታ ቁምልኝና ልምጣ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዛ ቀን ጀምሮ ግጥሙን በትልቁ ጽፈን ትንፋሽ የምንወስድበት ቦታ ላይ ሁሉ በቀይ እስክርቢቶ ጭረት አደረግን፣ የሚጎተተው ፊደል ስር መስመር፣ ስንት ምት እንደሚጎተት ቁጥር። አሰልቺ ይመስላል ግን በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ሳታዩ አብራችሁ ትተነፍሳላችሁ።

ቀጥሎ ሁለተኛው ድምፅ። በብሉግራስ ዜማውን የሚይዘው ሊድ ይባላል፣ ከሱ በላይ የሚሄደው ቴነር፣ ከሱ በታች የሚሄደው ባሪቶን። ከብሉግራስ አባት ከቢል ሞንሮ ጊዜ ጀምሮ ያ ቀጭን ከላይ የሚሄደው ቴነር ነው ለሙዚቃው መልክ የሰጠው። ለሁለት ሰው ስትሰሩ ወይ በላይ ወይ በታች ብቻ ምረጡ። ኪይ (ዘፈኑ የሚዘፈንበትን ከፍታ) ስትመርጡ ደግሞ በሊዱ ምቾት አትምረጡ፣ በሁለተኛው ድምፅ ምቾት ምረጡ፣ ምክንያቱም ሊዱ ትንሽ ዝቅ ቢል ይችለዋል፣ ሁለተኛው ድምፅ ግን ጣራ ላይ ከወጣ ይጮሃል፣ ከጮኸ ደግሞ ሰው እሱን ነው የሚሰማው።

እዚ ላይ ለኛ ሰው የተለየ ነገር አለ። የኛ ዘፈን በአብዛኛው አንድ ዜማ ነው፣ አቀንቃኝና ተቀባይ ይቀባበላሉ፣ ማሲንቆውም ድምፁን እየተከተለ ያጅባል እንጂ ሌላ ዜማ ይዞ አይሄድም። (ዶርዜዎች የተለዩ ናቸው፣ ብዙ ድምፅ ተደራርቦ ነው የሚዘፍኑት፣ ያልሰማችሁ ፈልጋችሁ ስሙ።) ስለዚ ሁለተኛውን ድምፅ የያዘው ሰው ጆሮው ሳያስበው ወደ ዜማው ይጎትተዋል። መድሃኒቱ ቀላል ነው፣ ሁለተኛውን ድምፅ ራሱን እንደቻለ ዘፈን አድርጎ ለብቻው ለአንድ ሳምንት መለማመድ፣ ሳህን ሲያጥቡ፣ መንገድ ላይ፣ ዋናውን ዜማ ጭራሽ ሳይሰሙ። ሳምንቱ ካለቀ በኋላ ነው ሁለቱ የሚገናኙት።

ኖታውን እንዴት ነው የማገኘው ለምትሉ፣ ዘፈኑ ሰባቱንም ድምፅ የሚጠቀም ከሆነ ከሊዱ ኖታ ጀምራችሁ ስትቆጥሩ ሦስተኛውን መያዝ ነው፣ ሊዱ ዶ ሲል ሚ፣ ሬ ሲል ፋ፣ ሚ ሲል ሶል። ዘፈኑ አምስት ድምፅ ብቻ ካለው ግን (ብዙ የድሮ የአፓላቺያ ተራሮች ዜማ እንደዛ ነው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ ከኛ የትዝታ ሜጀር ጋር አንድ አይነት ድምፆች ናቸው) ከቅኝቱ ሳትወጡ አንድ ዘላችሁ ቀጥሎ ያለውን ያዙ። ዶ ከሆነ ሬን ዘላችሁ ሚ፣ ሬ ከሆነ ሶል፣ ሚ ከሆነ ላ፣ ሶል ከሆነ የላይኛው ዶ፣ ላ ከሆነ የላይኛው ሬ። በሰባቱ ድምፅ ስትቆጥሩት ከአምስቱ አራቱ አራተኛ ነው የሚሆኑት አንዱ ብቻ ሦስተኛ፣ ለዛ ነው ድምፁ ክፍት ክፍት ያለ፣ የጥንት የሚመስለው። እኛ ይሄን ያገኘን ቀን ማታ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል አልተኛንም።

ከዛ ማስተካከል። ስልካችሁ ላይ ድምፅ የሚያወጣ ቱነር ጫኑና አንድ ኖታ ላይ ያዙት፣ ሁለታችሁም «ኣ» በሉበት። ትንሽ ከተዛባችሁ ድምፁ ዋው ዋው ዋው እያለ ሲንቀጠቀጥ ትሰማላችሁ። ይሄ የጆሮ ነገር ብቻ አይደለም፣ አንዱ 440 ሄርዝ ሌላው 442 ከሆነ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይመታል፣ እየተቀራረባችሁ ስትሄዱ ምቱ እየዘገየ ይሄድና ይጠፋል። የጠፋበትን ቦታ አስታውሱት። ከዛ አንዳችሁ ወደ ሦስተኛው ውጡና ያንኑ ፈልጉ። ፒያኖ ይዛችሁ ከተለማመዳችሁ ሜጀር ሦስተኛው (ከዶ እስከ ሚ ያለው) ከንፁሁ 14 ሴንት ገደማ ከፍ ያለ ነው (መቶ ሴንት ፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ልዩነት ነው)፣ ስለዚ ያለ ፒያኖ በድምፅ ብቻ ስትዘፍኑ ሁለተኛው ድምፅ ጥቂት ዝቅ ሲል ሁለቱ ድምፆች ድንገት ይቆለፋሉ። ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው የገባ ይመስላል፣ ሌላ አገላለጽ የለኝም።

አናባቢና ተነባቢ አትርሱ። አንዱ «ኣ»ን አፉን ከፍቶ ሌላው ጨበጥ አድርጎ ካለ ኖታው ልክ ሆኖም አይገጥምም፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ የአፋችሁን ቅርጽ ተያዩ። መስመር መጨረሻ ላይ «ስ» ወይም «ት» ካለ አንዳችሁ ብቻ በሉት፣ ሁለታችሁም ካላችሁት እንደ ጠብታ ጠብ ጠብ ይላል። በአማርኛ ስትዘፍኑ ደግሞ መጥበቅና መላላቱን ተስማሙበት። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው ሲጠብቅ ኖረ ነው፣ አንዱ አጥብቆ ሌላው አላልቶ ከዘፈነው ትርጉሙም ሰዓቱም ይለያያል፣ እኛ አንድ መስመር ላይ ሁለት ቀን የታገልነው ኖታ መስሎን ነበር ለካ ማጥበቅ ነው።

የመጨረሻው ድምፅ መጠን ነው። ጮኽ የሚለው ሰው ነው ዝቅ የሚለው፣ ዝግ ያለው አይጮኽም። አልበሙን ስትሰሙ ያ የሰባዎቹ የፕላንት ጩኸት ጠፍቶ ለጆሮ ጠጋ ብሎ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚዘፍነው። ጉልበቱ ስለጠፋ እንዳይመስላችሁ፣ «ነቲን» የሚለው ላይ ሲፈልግ ጥርሱን ያሳያችኋል። እንዲህ ብላችሁ ተለማመዱ፦ እየዘፈናችሁ ጓደኛችሁን ከራሳችሁ በላይ መስማት አለባችሁ። ራሳችሁን ብቻ ከሰማችሁ ጮኻችኋል ማለት ነው።

አምስተኛ፦ መሳሪያ

ብሉግራስ በባህሉ ድራም የለውም፣ ማንዶሊኑ ነው ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ቸክ ቸክ እያለ የድራሙን ስራ የሚሰራው። ሮክ ደግሞ ያለ ድራም ራቁቱን ነው። «ሬይዚንግ ሳንድ» ላይ ድራሙን የሚመታው ጄይ ቤለሮዝ ነው፣ ድምፁ እንደ ሮክ ድራም ፊት ለፊት አይመታችሁም፣ ከጎረቤት ግድግዳ እንደሚሰማ ነገር ነው። ማርክ ሪቦ ጊታር፣ ዴኒስ ክራውች ትልቁን ቋሚ ቤዝ። ሰዎቹን ስታዩ ሮክ ባንድም አይደሉ የብሉግራስ ባንድም አይደሉ።

እናንተም እንደዛ አድርጉ፣ የኔን ባንድ ላምጣ የኔን ላምጣ ከተባባላችሁ ጥሎሽ ነው የሚሆነው። አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ዝግ ያለ ምት በቂ ነው። ቴምፖውን (ፍጥነቱን) ከለመዳችሁት በ10 ቢፒኤም (በደቂቃ 10 ምት) ቀንሳችሁ ሞክሩት፣ ሁለት ድምፅ ቦታ ይፈልጋል። ድምፁ ካለበት ቦታ ጊታሩ ዝም ይበል።

ስድስተኛ፦ መቅዳት

አብራችሁ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ቅዱ። ይሄን የምለው ዋጋ ከፍዬበት ነው። አንድ ስቱዲዮ ሄደን ለየብቻ በተለያየ ቀን ነው የቀዱን፣ ጊዜ ይቆጥባል ተባልን፣ እሷ ሰኞ እኔ ሐሙስ። ሲገጣጠም የሷም ጥሩ ነው የኔም ጥሩ ነው፣ አንድ ላይ ግን ሁለት ሬዲዮ የተከፈተ ነው የሚመስለው፣ የቃል መጨረሻዎች አይገጥሙም፣ ትንፋሹ አይገጥምም። እንደገና ከፍለን እንደገና ቀዳን፣ ያጠራቀምነው ብር እዛው አለቀ።

ቤት ውስጥ የምትቀዱ ከሆነ የብሉግራስ ሰዎች መድረክ ላይ የሚያደርጉትን አድርጉ፣ አንድ ማይክ። ፊትና ኋላ የሚሰማ ጎንና ጎን የማይሰማ ማይክ (ፊገር ኤይት የሚባለው) ካገኛችሁ መሀል አቁሙና ፊት ለፊት ተያይታችሁ ቁሙ፣ ሁለት ስንዝር ያህል ራቅ ብላችሁ። ድምፁ የሚበረታው ሰው ወደ ኋላ ይበል፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚ ሚክሱን በእግራችሁ ነው የምትሰሩት። ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ያቺን ቦታ ነገ አታገኟትም። ግድግዳው ባዶ ከሆነ ከኋላችሁ ጋቢም ብርድ ልብስም ስቀሉ። ፍሪጁን ንቀሉ (መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ ቁልፋችሁን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ)። ማይኩ እንደዛ ካልሆነ ስልክም ይሰራል ለሙከራ፣ መሀል ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አጥፋችሁ ላዩ ላይ አድርጉት።

አንድን ዘፈን ከአምስት ጊዜ በላይ በተከታታይ አትቅዱ። አምስቴ ካልሆነ ቡና ጠጡና ሌላ ዘፈን ጀምሩ። ሙከራዎቹን ስትሰሙ ደግሞ ንፁሁን ሳይሆን የምታምኑትን ምረጡ፣ እዚ ላይ ነው ሦስተኛው ሰው የሚያስፈልገው።

ሰባተኛ፦ ማን ምን ይዘፍናል

13ቱም ዘፈን ላይ እኩል አልተካፈሉም። «ትራምፕልድ ሮዝ» የአሊሰን ነው፣ «ነቲን»ን የሚመራው ሮበርት ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሁለተኛው ሰው ከሩቅ እንደ ጥላ ነው የሚሰማው። ይሄ ጥሩ ነገር ነው፣ ሁሉም ዘፈን ዱኤት ከሆነ ጆሮ ይደክመዋል፣ ሁለቱ እንደገና ሲገናኙም ደስ አይልም። ግማሹን አብራችሁ፣ ከቀረው ለየአንዳንዳችሁ ሁለት ሁለት፣ ሌላው ላይ ደግሞ ሚና ተቀያየሩ፣ ሊድ የነበረው ሁለተኛ ይሁን። ገንዘቡንም ስሙንም ግን እኩል፣ እሱን በወረቀት ተፈራረሙ፣ ዘመድ ብትሆኑም።

ስምንተኛ፦ ፈቃድ

የሰው ዘፈን ስለሆነ የምትሰሩት ይሄን አትለፉት። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዘፈን አንዴ በይፋ ከታተመ በኋላ በሕግ የተወሰነውን ክፍያ ከፍሎ መልሶ መቅዳት ይቻላል፣ የዜማውን መሠረት እስካልቀየራችሁ ድረስ። ለቪዲዮ ግን ሌላ ፈቃድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የምትሰሩ ከሆነ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው) አለ፣ የግጥምና የዜማ ባለቤቱን ወይም ወራሾቹን አግኝታችሁ በጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ። ወደ አማርኛ መተርጎምም የባለቤቱን ፈቃድ ይፈልጋል። ይሄን ከመቅዳት በፊት ጨርሱት፣ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ እምቢ ከተባላችሁ የምትወዱት ዘፈን ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ዘጠነኛ፦ ካወጣችሁ በኋላ

አብራችሁ ዞራችሁ ዘፍኑት። ታህሳስ 10 ቀን 2007 ሌድ ዘፕሊን ለንደን ኦ2 ላይ ለአንድ ምሽት ተገናኝቶ ዘፍኖ ነበር፣ ዓለም ሁሉ ቱር ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ፕላንት በ2008 የሄደው ከአሊሰን ጋር ነው። መድረክ ላይም የድሮውን «ብላክ ዶግ» በባንጆ ዘገም አድርገው ሲዘፍኑት ነበር፣ ያንን ሳይ ነው ይሄ ሰውዬ ለዚች ስራ ምን ያህል ክብር እንዳለው የገባኝ። ስለዚ አልበሙን ከማውጣታችሁ በፊት ቢያንስ የስድስት ወር ቀን መቁጠሪያችሁን አስታርቁ።

ሁለተኛውን አልበም ግን አትቸኩሉበት። እነሱ ግራሚውን ከወሰዱ በኋላ እንደገና ስቱዲዮ ገብተው ሞክረው ነበር፣ አልመጣላቸውም፣ ተዉት። «ሬይዝ ዘ ሩፍ» የሚለው ሁለተኛው የወጣው ህዳር 2021 ነው፣ ከመጀመሪያው 14 ዓመት በኋላ፣ እንደገና ከቲ ቦን በርኔት ጋር። ስለዚ አሁን ያልሆነላችሁን ዘፈን አታጥፉት። የሞከራችሁትን ሁሉ በሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ ፋይሉ ስም ላይ ቀኑን፣ ኪዩን፣ ቴምፖውን፣ ማን በላይ ማን በታች እንደነበረ ጻፉበት። በቀይ እስክርቢቶ ጭረት ያለበትን ወረቀትም ፎቶ አንስታችሁ እዛው ጨምሩት፣ የኛ አንዱ ወረቀት ላይ የፈሰሰው ቡና ሳይቀር ይታያል፣ ትንፋሽ የምንወስድባት ቦታ ላይ ነው ያረፈው።